የብርቱካን አባት ማን ነው? የአንድ ጂኖም ንባብ ጉዳይ ጥናት

ጣፋጭ ብርቱካን የዱር ዛፍ አይደለም። ሰው ሳይተክለው በጫካ ራሱን ችሎ የኖረ የብርቱካን ዝርያ ተፈልጎ አልተገኘም። ስለዚህ ብርቱካን ከሌሎች ዝርያዎች የተወለደ ዲቃላ መሆኑን የዕፅዋት ተመራማሪዎች ከጠረጠሩ ቆይተዋል፤ ፖሜሎና መንደሪን ወላጆቹ ናቸው የሚለው ግምትም የዲኤንኤ ንባብ ከመስፋፋቱ በፊት የነበረ ነው። ፖሜሎን ለማያውቅ ሰው፦ ከሲትረስ ፍሬዎች ሁሉ ትልቁ፣ ልጣጩ እንደ ስፖንጅ ወፍራም የሆነ፣ ግሬፕፍሩት የወጣበት ፍሬ ነው።

እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ2013 አንድ የምርምር ቡድን የብርቱካንን ጂኖም፣ ማለትም በህዋሱ ውስጥ ያለውን ሙሉ የዲኤንኤ ጽሑፍ፣ አንብቦ ስለ ወላጆቹ መልስ ሰጠ። በ2014 ሌላ ቡድን ያንኑ ብርቱካን አንብቦ መልሱ አይሆንም አለ። ሁለቱም ቡድኖች በሙያው የተከበሩ ናቸው፤ ሁለቱም በጥንቃቄ ሠርተዋል። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ይህን ጉዳይ ደጋግሜ የማነበው በዚህ ጥያቄ ምክንያት ነው። ነገሩን የወሰነው የማሽን ጉልበት አልነበረም። የወሰኑት ሁለት ምርጫዎች ናቸው፦ የትኛው ተክል ይነበብ፣ የተነበበውስ በምን ይመዘን።

ስሙ የበዛ ቤተሰብ

የሲትረስ ቤተሰብ ስንት ዝርያ አለው ተብሎ ሲጠየቅ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለት ታላላቅ ባለሙያዎች የሰጡት መልስ ሰማይና ምድር ነበር። አሜሪካዊው ዋልተር ስዊንግል 16 አለ። ጃፓናዊው ታናካ 162 አለ። አንዱን ተክል ስዊንግል ዲቃላ ብሎ ሲያልፈው ታናካ የራሱ ስም ያለው ዝርያ ያደርገዋል። በ1976 ደግሞ ባሬትና ሮድስ የተባሉ ተመራማሪዎች የምንበላቸው የሲትረስ ፍሬዎች በሙሉ ማለት ይቻላል ከሦስት ግንዶች ማለትም ከፖሜሎ፣ ከመንደሪንና ከትርንጎ የተገኙ ናቸው ብለው ጻፉ። ይህን ያሉት ቅጠል፣ አበባና ፍሬ መዝነው እንጂ ዲኤንኤ አይተው አልነበረም። ቢሆንም ወደ እውነቱ በጣም ቀርበው ነበር።

ለዚህ ሁሉ ግራ መጋባት ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው የሲትረስ ዝርያዎች እርስ በርስ በቀላሉ መዳቀላቸው ነው። ሁለተኛው ዘሩ ውስጥ ያለው ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የብርቱካን ዘር ልጣጩ በጥንቃቄ ተገፎ ሲከፈት ብዙ ጊዜ በውስጡ የሚገኘው አንድ ፅንስ አይደለም። ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ፅንሶች ተጣብቀውና ተጨናንቀው ይታያሉ፤ አንዱ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭንና የተጣመመ። ዘሩ ሲዘራም ከአንድ ዘር ሁለት ሦስት ቡቃያ ይወጣል። ከእነዚህ ፅንሶች መካከል ከአባትና ከእናት የተወለደው ቢበዛ አንዱ ነው። ሌሎቹ በዘሩ ውስጥ ካለው የእናትየው ሥጋ በቀጥታ የበቀሉ፣ አባት የሌላቸው፣ እናታቸውን ቁርጥ የሆኑ ቅጂዎች ናቸው። ብዙውን ጊዜም ጉልበት ኖሮት የሚያድገው ቅጂው ነው፤ የተዳቀለው ፅንስ ተጨቁኖ ይቀራል።

እንግዲህ አንድ ዲቃላ በአጋጣሚ ተወልዶ ይህን ባሕርይ ከያዘ፣ ሺህ ዓመት በዘር ቢራባም ራሱን ሳይለውጥ ይቀጥላል። ከውጭ ለሚያየው ሰው ልክ እንደ ንጹሕ ዝርያ ነው፤ ዘሩን ዘራሁት፣ ያንኑ አገኘሁ ይላል። ታናካ ያን ሁሉ ስም የሰጠው ተሳስቶ ብቻ አይደለም፤ ተክሎቹ እንደ ዝርያ ይኖሩ ስለነበረም ነው። በ2017 የቻይና ተመራማሪዎች የዚህን ባሕርይ ምንጭ ደረሱበት፦ ከቦታ ቦታ የሚዘል ትንሽ የዲኤንኤ ቁራጭ ሲትአርደብሊውፒ በተባለ ጂን መቆጣጠሪያ አጠገብ ገብቶ ተቀምጧል። ፖሜሎ ይህ የለውም፤ ዘሩ ባለ አንድ ፅንስ ነው። ብርቱካን አለው።

ሁለት ቅጂ በአንድ ህዋስ

የብርቱካን ህዋስ ዲኤንኤው የተጠቀለለባቸው 18 ክሮች ማለትም 18 ክሮሞዞም አለው፤ 9 ከእናት፣ 9 ከአባት። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው። አንድ መጽሐፍ ሁለት ጸሐፊዎች ገለበጡት እንበል፤ አንዱ አንድ ቃል ዘሎ፣ ሌላው አንድ አንቀጽ ደግሞ። ሁለቱ ቅጂዎች ተቀዳደው በአንድ ከረጢት ተቀላቅለው መጽሐፉን መልሰህ ገጣጥም ብትባል፣ ቁራጩ ከየትኛው ቅጂ እንደመጣ ሳታውቅ ነው የምትለፋው። የጂኖም ማንበቢያ ማሽን ክሮሞዞምን ከጫፍ እስከ ጫፍ አያነብም፤ በዚያን ጊዜ የነበሩት በመቶዎች በሚቆጠር የዲኤንኤ ፊደል ቆራርጠው ነበር የሚያነቡት። ከዚያ ኮምፒውተሩ ጫፍና ጫፍ እያመሳሰለ ይሰፋዋል።

ሁለቱ ቅጂዎች ከተመሳሰሉ ስፌቱ አይከብድም። የብርቱካን ግን አይመሳሰሉም። የፖሜሎ ቅጂና የመንደሪን ቅጂ በተገናኙበት ቦታ ሁሉ በግምት ከ100 ፊደል ከ1 እስከ 2 ይለያያል። ጥቂት ይመስላል፤ ግን በ300 ሚሊዮን ፊደል ላይ ሲባዛ ኮምፒውተሩን የሚያሳስት ሚሊዮናት ልዩነት ነው። ሁለቱን ቅጂ አንድ ቦታ አንድ ያደርጋል፣ ሌላ ቦታ አንዱን ጂን ሁለት ብሎ ይቆጥራል።

ስለዚህ ሁለቱም ቡድኖች፣ በየፊናቸው፣ ወደ አንድ ሐሳብ መጡ፦ ሁለት ቅጂ ያለውን ተክል አናንብብ፤ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ተክል እንፍጠር።

በቻይና ዉሃን ከተማ የሚገኘው የኋዝሆንግ ግብርና ዩኒቨርሲቲ ቡድን ቫሌንሲያ ከተባለው የብርቱካን ዓይነት ተነሣ። የአበባውን ወንዴ ክፍል ወስዶ በላቦራቶሪ ምግብ ላይ አሳደገው። የወንዴው ብናኝ ግማሹን ማለትም 9 ክሮሞዞም ብቻ ይይዛል፤ ከእርሱ የበቀለው ተክል ክሮሞዞሙን በራሱ ላይ ሲያጥፈው 18 ይሆናል፤ ነገር ግን ሁለቱ ቅጂዎች አንድ ዓይነት ናቸው።

በስፔን፣ ቫሌንሲያ አካባቢ ያለው የግብርና ምርምር ተቋም ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደ። (ስሙ እንዳያምታታ፦ ቫሌንሲያ የስፔን ከተማም፣ የብርቱካን ዓይነትም ናት፤ ቫሌንሲያ ብርቱካንን ያነበቡት ግን ዉሃኖች ናቸው።) ስፔኖቹ የመረጡት ክሌመንታይን የተባለውን መንደሪን ነው። የወንዴ ብናኝ በጨረር መትተው የዘር ኃይሉን ካጠፉ በኋላ አበባው ላይ አደረጉት። አበባው የተዳቀለ መስሎት ፍሬ ይይዛል፤ ከአባት የመጣ ክሮሞዞም ግን የለም። ከሚገኙት ጥቃቅንና ደካማ ዘሮች መካከል የተወሰኑት በእናትየው 9 ክሮሞዞም ብቻ ያድጋሉ። እንዲህ ዓይነቱን ፅንስ ከዘሩ አውጥቶ፣ በመስታወት ዕቃ አሳድጎ፣ በጤነኛ ችግኝ ግንድ ላይ ቀጥሎ በሕይወት ማቆየት የዓመታት ሥራ ነው። ስለዚህች ተክል የተጻፈው ጥናት በ2009 ወጣ። የዓለም አቀፉ የሲትረስ ጂኖም ጥምረት የማመሳከሪያ ጂኖሙን ያነበበው ከእርሷ ነው፤ በጥምረቱም የአሜሪካ፣ የስፔን፣ የፈረንሳይ፣ የጣሊያንና የብራዚል ተመራማሪዎች ነበሩበት።

ስለ ጂኖም ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሣው ማሽኑና ዋጋው ነው። ይህን ሥራ ያቃናው ግን ከማሽኑ በፊት አበባ ላይ ጎንበስ ብለው የዋሉት ሰዎች ድካም ነው ባይ ነኝ።

የመጀመሪያው መልስ

የዉሃኑ ቡድን ጥናት በኔቸር ጄኔቲክስ መጽሔት የ2013 እትም ወጣ። የተገጣጠመው ጂኖም 320.5 ሚሊዮን ፊደል ያህል ነበር፤ ይህም ከብርቱካን ጂኖም የሚበዛው ክፍል ነው። በውስጡም 29,445 ፕሮቲን የሚሠሩ ጂኖች ተቆጠሩ። ስለ ወላጆቹ የተሰጠው መልስ እንዲህ ነበር፦ መጀመሪያ ፖሜሎ እናት ከመንደሪን አባት ዲቃላ ወለደች፤ ያ ዲቃላ ተመልሶ ከመንደሪን ጋር ተዳቀለ፤ ልጁ ብርቱካን ሆነ። በዚህ ስሌት ብርቱካን አንድ አራተኛው ፖሜሎ፣ ሦስት አራተኛው መንደሪን ነው።

መልሱ ያምራል። ከብርቱካን መልክና ጣዕም ጋርም ይሄዳል። የእናቲቱ ጉዳይም በሌላ ማስረጃ ተደግፏል፦ ክሎሮፕላስት የተባለው የቅጠል አረንጓዴ ክፍል የራሱ ትንሽ ዲኤንኤ አለው፤ ይህም የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው። የብርቱካን ክሎሮፕላስት የፖሜሎ ነው። የእናት ሐረጉ ወደ ፖሜሎ እንደሚመዘዝ ማንም አልተከራከረም።

ክርክሩ አባቱ ላይ ነው።

የተጣመመ መለኪያ

የጥምረቱ ጥናት በ2014 በኔቸር ባዮቴክኖሎጂ ወጣ፤ ከመሪዎቹ መካከል አልበርት ዉ፣ ዳንኤል ሮክሳር፣ ፍሬድ ግሚተርና ማኑኤል ታሎን ይገኙበታል። የክሌመንታይኑ ማመሳከሪያ 301.4 ሚሊዮን ፊደል ነበር፤ የተነበበውም በሳንገር ዘዴ ነው። ይህ ዘዴ ውድና ቀርፋፋ ቢሆንም ቁራጮቹ ረጃጅም ናቸው። ከእርሱ ጎን ጣፋጭ ብርቱካን፣ መራራ ብርቱካን፣ ፖሜሎዎችና የተለያዩ መንደሪኖች ተነበቡ።

ሥራው እንዲህ ነው። የፖሜሎንና የመንደሪንን ፊደል የሚለዩ ቦታዎች ይዘረዘራሉ። ከዚያ በብርቱካን ክሮሞዞም ላይ ከጫፍ ተነሥቶ ይኬዳል፤ በየቦታው ሁለቱ ቅጂዎች ይጠየቃሉ፦ አንተ የማን ነህ? ሦስት ዓይነት መልስ ሊኖር ይችላል፦ ፖሜሎና መንደሪን፣ መንደሪንና መንደሪን፣ ፖሜሎና ፖሜሎ።

አሁን የ2013ቱን መልስ በዚህ እንፈትነው። እናት የፖሜሎና የመንደሪን ዲቃላ ናት እንበል፤ ለልጇ በየቦታው ወይ ፖሜሎ ወይ መንደሪን ታወርሳለች። አባት ንጹሕ መንደሪን ከሆነ ግን ያለው መንደሪን ብቻ ነው፤ ሌላ ሊሰጥ አይችልም። እንግዲህ በልጁ ክሮሞዞም ላይ በየትኛውም ቦታ ቢያንስ አንዱ ቅጂ መንደሪን መሆን አለበት። ሁለቱም ፖሜሎ የሆኑበት አንድም ቦታ ሊገኝ አይገባም።

ተገኘ። በብርቱካን ክሮሞዞሞች ላይ ሁለቱም ቅጂዎች ፖሜሎ የሆኑባቸው ክፍሎች አሉ። አንድ ፊደል ወይም ሁለት ቢሆን የንባብ ስሕተት ነው ይባል ነበር፤ ግን ተያይዘው የሚሄዱ ረጃጅም ክፍሎች ናቸው። ይህ ማለት አባትየውም ፖሜሎ በደሙ ነበረበት። ብርቱካን የንጹሕ መንደሪን ልጅ ሊሆን አይችልም፤ ሁለቱም ወላጆቹ ቀድመው የተቀላቀሉ ነበሩ። ቁጥር ሳይበዛ፣ ቀመር ሳይደረደር፣ በአንድ የውርስ ሕግ ብቻ አንድ የዘር ሐረግ እንዲህ ሲፈርስ ማየት ለእኔ የዚህ ጉዳይ ጥናት ልብ ነው።

ግን ከዚህም የጠለቀ ነገር ወጣ። የመንደሪንን ፊደል ከፖሜሎ ለመለየት ንጹሕ መንደሪን ያስፈልጋል። ለዚህ ሲባል እንደ ፖንካንና የሜዲትራኒያኑ ዊሎሊፍ ያሉ ጥንታዊ መንደሪኖች ተነበቡ፤ ለረጅም ዘመን የመንደሪን ዝርያ እንደራሴ ተደርገው የኖሩ ናቸው። ሲፈተሹ በእነርሱም ክሮሞዞም ላይ የፖሜሎ ክፍሎች ተገኙ። መለኪያው ራሱ ተጣሟል ማለት ነው። ፖሜሎ የተቀላቀለበትን መንደሪን እንደ ንጹሕ ወስዶ ብርቱካንን የሚመዝን ሰው፣ ከፖሜሎ የመጣውን ክፍል የመንደሪን ነው ብሎ መቁጠሩ አይቀርም፤ መንደሪኑ በዝቶ፣ ፖሜሎው አንሶ ይታየዋል።

በ2018 ከዚያው ቡድን ሰዎች በኔቸር መጽሔት በወጣው ጥናት መለኪያው ተቃና። የተነበቡት ተክሎች 60 ሲሆኑ መንደሪኖች በሦስት ወገን ተከፈሉ፦ ንጹሕ፣ ትንሽ ፖሜሎ የገባባቸው፣ ብዙ የገባባቸው። በየገበያው የሚታወቁት ትልልቅና ጣፋጭ መንደሪኖች ከንጹሖቹ ወገን አይደሉም። ያው ጥናት የቤተሰቡን መነሻ ከሂማላያ ተራሮች ደቡብ ምሥራቅ ግርጌ፣ አሳምን፣ ሰሜን ሚያንማርንና ምዕራብ ዩናንን በሚያዋስነው አካባቢ አስቀምጦ፣ ዝርያዎቹ ከ6 እስከ 8 ሚሊዮን ዓመት በፊት መበተን እንደጀመሩ ገምቷል።

ቀላሎቹ ጉዳዮች

በዚህ መንገድ የተፈቱ ሌሎች የዘር ጥያቄዎች አሉ፤ እንደ ብርቱካን አላስቸገሩም። መራራ ብርቱካን የፖሜሎ እናትና የመንደሪን አባት የመጀመሪያ ትውልድ ልጅ ነው፤ ሌላ ነገር የለበትም። የጣፋጩ ብርቱካን ወንድም ይመስል የነበረው ይህ ተክል ለብቻው የተወለደ ሆኖ ተገኘ። ሎሚ ከሚባሉት መካከል ቢጫው ትልቁ የመራራ ብርቱካንና የትርንጎ ልጅ ነው። ግሬፕፍሩት ደግሞ ፖሜሎ ከጣፋጭ ብርቱካን የወለደው።

ክሌመንታይን ራሱ ታሪክ አለው። አልጄሪያ ውስጥ፣ በኦራን አቅራቢያ ሚሰርጊን በተባለ ቦታ በነበረ የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ፣ ብራዘር ክሌማን የተባሉ መነኩሴ አትክልት ያለሙ ነበር። በችግኞቹ መካከል ቀድሞ የሚደርስና የሚጣፍጥ አንድ መንደሪን ተገኘ፤ በ1902 በስማቸው ተጠራ። አባቱ መራራ ብርቱካን ነው ተብሎ ሲነገር ቆይቶ ነበር። ጂኖሙ ግን የዊሎሊፍ መንደሪንና የጣፋጭ ብርቱካን ልጅ መሆኑን በየክሮሞዞሙ አረጋገጠ። ስለዚህ ስፔኖቹ የመረጡት ማመሳከሪያ የብርቱካን ልጅ ነበር፤ አባቱን ለማወቅ ልጁ ተነበበ ማለት ይቻላል።

አንድ ዛፍ

ይህ ሁሉ ለገበሬው ምን ያደርግለታል የሚል ጥያቄ ተገቢ ነው።

ቫሌንሲያ፣ ኔቭል፣ ደም መሳዩ ቀይ ብርቱካን፣ ሌሎቹም የጣፋጭ ብርቱካን ዓይነቶች ሁሉ ከአንድ የጥንት ዛፍ የመጡ ናቸው። አልተዳቀሉም፤ ቀንበጥ እየተቆረጠ፣ ዘሩም ያንኑ ቅጂ እየሰጠ እዚህ ደረሱ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት በአንድ ቅርንጫፍ ላይ በአጋጣሚ የተፈጠረ ትንሽ ለውጥ ነው። የቀይ ብርቱካን ነገር በ2012 ተፈትቷል፦ አንድ ዘላይ የዲኤንኤ ቁራጭ ሩቢ በተባለ ጂን አጠገብ ገባ፤ ያ ቁራጭ ብርድ ሲነካው ይነቃል፣ ጂኑንም ያነቃል፣ ፍሬውም ይቀላል። ብርድ በሌለበት አገር ቀይ ብርቱካን በደንብ የማይቀላው ለዚህ ነው።

በዓለም ላይ ያሉ የብርቱካን ዛፎች በዘር አንድ ከሆኑ፣ አንዱን የገደለ በሽታ ሁሉንም ይገድላል። ሁዋንግሎንግቢንግ ወይም ሲትረስ ግሪኒንግ የሚባለው በሽታ በ2005 ፍሎሪዳ ውስጥ ታየ። አምጪው ትንሽ ዝላይ ነፍሳት የምታሸጋግረው ባክቴሪያ ነው፤ ባክቴሪያው በላቦራቶሪ ምግብ ላይ ለማሳደግ እጅግ አስቸጋሪ በመሆኑ ጂኖሙ በ2009 የተነበበው ከአንዲት በበሽታው የተያዘች ነፍሳት ዲኤንኤ ነው። ፍሎሪዳ በ2003 እስከ 2004 ባለው የምርት ዘመን 242 ሚሊዮን ሣጥን ብርቱካን ታመርት ነበር፤ በ2022 እስከ 2023 ባለው ወደ 16 ሚሊዮን ወረደ። የመጨረሻው ዓመት ላይ አውሎ ነፋስም ጨምሮበታል፤ ዋናው መንስኤ ግን በሽታው ነው።

ታዲያ ብርቱካንን ከሚቋቋም ዘመዱ ጋር ማዳቀል ለምን አይበቃም? መልሱ ከላይ ባየነው ካርታ ውስጥ ነው። ብርቱካን ብርቱካን የሆነው የፖሜሎና የመንደሪን ቁራጮች በአንድ የተወሰነ አሰላለፍ ስለተገጣጠሙ ነው። ሲዳቀል አሰላለፉ ይበተናል፤ ልጆቹ ሌላ ጣዕም፣ ሌላ ቀለም፣ ሌላ ልጣጭ ይዘው ይወለዳሉ። በተለመደው መንገድ የሚያዳቅል ባለሙያ ችግኙ እስኪያፈራ ዓመታት ይጠብቃል፤ ከዚያም አብዛኛውን ይነቅላል። ካርታውን የያዘ ባለሙያ ግን ገና ሁለት ሦስት ቅጠል ላይ እያለ አንዷን ቅጠል ቆርጦ የትኛው ቁራጭ የት እንደወደቀ ያያል። ዘሩ ባለ ብዙ ፅንስ ይሆን እንደሆነም ከዚያችው ቅጠል ይታወቃል፤ ለማዳቀል የሚፈለገው ባለ አንድ ፅንስ እናት ነው።

እናት አድርገው ከሚመርጧቸው አንዱ ክሌመንታይን ነው፤ ዘሩ ባለ አንድ ፅንስ ስለሆነ የሚወለደው ሁሉ እውነተኛ ዲቃላ ነው። በ2009 የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ያወጣው ሹገር ቤል የተባለ መንደሪን እናቱ ክሌመንታይን ናት። በሽታው ይይዘዋል፤ ነገር ግን ቅጠሉን ሳያራግፍ፣ ፍሬውን ሳይጥል ማፍራቱን ይቀጥላል፤ ብርቱካን በደረቀባቸው ማሳዎች ላይ የተተከለው በዚህ ምክንያት ነው።